እንሶስላና የጣት አሻራ፦ ከአምበር እስከ አማኑኤል ደርሶ መልስ

ከቤት የወጣነው መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ታናሽ እህቴ ትብለጥ ዮርዳኖስ ውስጥ አንዲት አሮጊት የመንከባከብ ሥራ አግኝታለች። ሥልጠናዋን ጨርሳለች፣ የብቃት ፈተናውን አልፋለች፣ ፓስፖርቷም ወጥቷል። የቀራት ደብረ ማርቆስ ሄዳ በሠራተኛነት መመዝገብና የጣት አሻራ መስጠት ነበር። አሻራው ሲገባ የሁለት ዓመት የሥራ ፈቃድ ይጠየቅላታል፤ ካልገባ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ኤጀንሲው ደውሎ ሥራው እስከ አርብ ብቻ እንደሚጠብቃት፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ ነግሮናል።

እኔ አምበር ከተማ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በዚሁ መንገድ ሊሄዱ የተዘጋጁ ብዙ የአካባቢያችን ልጆች ስላሉ ነው። እኛ የተሳሳትነውን እነሱ እንዳይደግሙት ያህል።

ስህተቱ የተሠራው ከቤት ሳንወጣ ነው። ሰኞ ማታ እናቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን ከጓሮ የእንሶስላ ሥር ቆፍረው አመጡ፤ አጥበው ወቀጡት፤ የትብለጥን መዳፍና ጣቶች አንድ በአንድ ለብጠው በጉሎ ቅጠል ጠቀለሉና በክር አሰሩት። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ያለ እንሶስላ አትወጣም። ትብለጥ ሙሽራ አይደለችም፤ ነገር ግን እናቴ ልጇ ሩቅ አገር የምትሄድበትን ወር በሌላ በምን እንደምትሸኘው አላወቀችም።

«ጌታ የተጠመቀበት ውሃ ያለበት አገር ነው የምትሄደው፤ እዚያ ክፉ አያገኛትም» ስትል ነበር እየጠቀለለች። ዮርዳኖስ የሚለውን ስም ከሰማች ጀምሮ ልቧ የተረጋጋው በዚህ ነው። ሊባኖስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስለ ዝግባው ታወራ ነበር።

ጠዋት ቅጠሉ ሲፈታ የትብለጥ እጅ እስከ አንጓው ቀይ፣ ጥፍሮቿ ጥቁር ሊሉ የደረሱ ነበሩ። እጇን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ አየችውና ፈገግ አለች። እኔም ቆንጆ ነው አልኩ። ከመካከላችን ስለ አሻራ ያሰበ ሰው አልነበረም።

እስከ አምበር

ከመንደራችን እስከ አምበር በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስለሆነ ጭቃው ከላይ ደርቆ ከሥር ያሟልጫል። በግራና በቀኝ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ገብሱ ግን ቢጫ ማለት ጀምሯል። በስተሰሜን ቾቄ በደመና ተሸፍኖ ግርጌው ብቻ ይታያል። እናቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘችንና ትብለጥን ግንባሯን ሳመቻት። «አርብ አልፎ ካልተመለሳችሁ እደውላለሁ» አለች። ስልክ መደወል አታውቅም፤ ጎረቤት ታስደውላለች ማለት ነው።

አምበር መናኸሪያ ስንደርስ የሚጠየቀው እንደተለመደው ነው፤ መንገድ ክፍት ነው ወይ? ክፍት ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ሰማንያ ብር በነፍስ ወከፍ ተቀበለንና የትብለጥን እጅ አየ።

«ሙሽራዋን ከፊት አስቀምጧት። ሙሽራው አንተ ከኋላ ከጆንያው ጋር ነህ።»

«እህቴ ናት» አልኩት።

«መጀመሪያ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ትብለጥም በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ደብረ ማርቆስ እስክንገባ ድረስ ዞር እያለች «ሙሽራው፣ ተመቸህ?» ትለኝ ነበር። እኔ የሽንኩርት ጆንያ ታቅፌ ነበር።

ደብረ ማርቆስ

ከመናኸሪያ በባጃጅ ወደ መመዝገቢያው ሄድን። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ከሠላሳ የማያንሱ ልጆች ተሰልፈዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የሚያወሩት ስለሚሄዱበት አገር ሳይሆን ማን ዘንድ እንዳደሩ፣ ዳቦ የት እንደሚረክስ ነበር። ከይጁቤ የመጣች አንዲት ልጅ ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን በእንጨት ትፍቃለች።

ተራችን የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው። መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት፤ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፤ ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። ትብለጥ አራት ጣቶቿን መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። ማሽኑ ጮኸ፤ ቀይ መብራት። በመሐረብ ጠርጋ ደገመችው። ቀይ። የግራውም እንዲሁ።

መዝጋቢዋ እጇን ይዛ ገለበጠችው።

«እንሶስላ ነው አይደል?»

«እናቴ ናት ያደረገችልኝ» አለች ትብለጥ።

«የሁሉም እናት ናት የምታደርገው፤ በዚህ ወር ከአንቺ በፊትም መጥተውብኛል።» ማሽኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። በስክሪኑ ላይ የሌላ ሰው አሻራ እንደ እርሻ ትልም ጎልቶ ይታያል። የትብለጥ ግን ጥቁር ጠብታ ብቻ ነው። ቀለሙ በትልሞቹ መካከል ገብቶ ሞልቶታል፤ ቆዳዋም በሥራ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፓስፖርት ስታወጣ ማሽኑ ወዲያው ነበር የተቀበላት።

«ነገ ጠዋት እንሞክረዋለን። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢው። እንዳትፈትጊው።»

ከግቢው ስንወጣ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ሰውዬ በሩ አጠገብ ቆሟል። እዚያ በር ላይ ማን ተከፍቶ፣ ማን ደስ ብሎት እንደሚወጣ ማየት ሥራው ነው። ከትብለጥ ጋር እኩል እየተራመደ «እህቴ፣ በመተማ ለሚሄድ ሰው ጣት የሚጠይቅ የለም» አለ። እኔ መንገዴን ቀጠልኩ። እሷ ግን ቁጥሩን ስልኳ ውስጥ ስትጽፍ ዞሬ አየሁ።

«ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«አርብ ካልሆነልኝ ከሰውዬው ጋር እሄዳለሁ፣ ወንድማለም። ተመልሼ አረም ላይ አልቀመጥም።»

ስትለው ድምፅዋ ከፍ አላለም። ለዚህ ነው ያመንኳት።

ያደርንበት አልጋ ቤት ሁለት ክፍል በአምስት መቶ ብር ነው። እኔ እራት ፍለጋ ወጥቼ ሽሮና ዳቦ ይዤ ስመለስ ትብለጥ ጓሮ ቧንቧው ሥር ተቀምጣለች። ከባለቤቲቱ በረኪና ለምና፣ የተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ አግኝታ ጣቶቿን ስትፈትግ ነበር። ጫፎቹ ቆስለው ያብረቀርቃሉ።

«እንዳትፈትጊው ብላሽ የለም?»

«ቀስ ብዬ ነው የፈተግሁት» አለች፤ ዳቦውን ግን በጣቷ መቁረስ አልቻለችም። እኔ እየቆረስኩ ሰጠኋት።

ረቡዕ ጠዋት መዝጋቢዋ ገና ከሩቅ አይታ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ማሽኑ ላይ አላስቀመጠቻትም። «ቀለሙን ብቻ አይደለም የፋቅሽው፤ አሻራውንም ነው» አለች። ትብለጥ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻቸው። መዝጋቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ቆዳ ይመለሳል። እስከ አርብ ምንም አትሥሪበት። ሳሙና የለ፣ አመድ የለ፣ ማጀት የለ። ቅባት እየቀባሽ አሳርፊው። አርብ ነይ፣ ሳልሄድ አይሻለሁ።»

አማኑኤል

አማኑኤል የአባቴ እህት እትዬ ጥሩ አለች። ሌሎቹን ሌሊቶች አልጋ ቤት ከምናድር እሷ ዘንድ እንሂድ ብዬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ሚኒባስ ያዝን። የጨሞጋን ድልድይ ስናልፍ ውሃው አፈር ለብሶ ይፈሳል። ከድልድዩ ወዲያ የመንገድ ዳር ልጆች ትኩስ በቆሎ ጥብስ በመስኮት ያቀብላሉ፤ አንዱ ሃያ ብር። ትብለጥ እጇን ስላላወጣች እኔ ፈልፍዬ በመዳፌ ሰጠኋት። አጠገባችን የተቀመጡ ቄስ አይተው «እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል?» አሉ። ትብለጥ «ለዛሬ ብቻ ነው፣ አባ» አለቻቸው።

እትዬ ጥሩ አማኑኤል አስፋልቱ ዳር ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። ሳመችን፤ ነገሩን ሰማች፤ የትብለጥን እጅ ፀሐይ ላይ አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ከጓዳ አዲስ ቅቤ አመጣች።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለች ትብለጥ።

«አትብይው እንጂ። ለጣት ጾም አልተደነገገም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ትብለጥ ምንም ነገር እንድትነካ አልተፈቀደላትም። እትዬ ጥሩ ጠዋት ፊቷን አጠበቻት፤ ጸጉሯን ሠራቻት፤ ስታጎርሳት ደግሞ ጉርሻው ከአፏ ይሰፋ ነበር። ሐሙስ ዕለት ትብለጥ ተደብቃ ምስር ልትለቅም ስትል እትዬ ጥሩ ሰፌዱን ነጥቃ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ምስር ለቀምኩ፤ የድንች ጆንያም ተሸከምኩ። ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ጥሩዬ፣ ልዕልት መጣችብሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ። እስከ አርብ የምትቆይ ልዕልት ናት።»

«ይሄኛውስ?»

«ገረዷ ነው።»

ትብለጥ እንዲህ ሲቀለድባት ደስ ይላታል፤ ትንሽ ቆይታ ግን እጆቿን ታያለች። ሥራ የማይዝ እጅ የት እንደሚቀመጥ አታውቅም፤ አንዴ ጉልበቷ ላይ፣ አንዴ ብብቷ ሥር ታደርገዋለች። እጇ ሥራ ፈትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚያን ሐሙስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድንቹ ተሸጦ ሲያልቅ ሦስታችን ባዶው ጆንያ ላይ ተቀምጠን መኪናዎች ሲያልፉ እናይ ነበር። ትብለጥ ስለ ደላላው ራሷ ተናገረች። ቁጥሩን እንደያዘች፣ አርብ ካልሆነ እንደምትደውል። የእትዬ ጥሩ ልጅ ፋሲካም ከደላላ ጋር ነው የሄደችው። መጀመሪያ ከሱዳን ደወለች፤ ቀጥሎ ከማይታወቅ ቁጥር አንዴ ደወለች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ በእትዬ ጥሩ ፊት ግን የሚያነሳው የለም።

«አልከለክልሽም» አለቻት እትዬ ጥሩ። «ፋሲካንም ከልክያት ነበር። ልጄ ጠፋች ብዬ ማርቆስ ድረስ ሄድኩ። በማን በኩል ሄደች ሲሉኝ አላውቅም። ማን ቤት ገባች? አላውቅም። ፈቃዷ የት አለ? የላትም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አዘኑልኝ። ግን ከየት ይጀምሩ? እጄን አጣምሬ ተመለስኩ።» የትብለጥን ቀኝ እጅ ወደ ጭኗ ስባ ቅቤውን በአውራ ጣቷ ታሸው ጀመር። «አንቺ አንድ ቦታ ላይ ተጽፈሽ ሂጂ። ከዚያ በኋላ ብትዘገዪም እናትሽ የምትጠይቅበት በር ይኖራታል።»

ትብለጥ እጇን አልሳበችም። እኔ የቀሩትን ጆንያዎች አጣጠፍኩ።

አርብ

ገና ሲነጋ መንገድ ዳር ቆምን። የመጀመሪያው ሚኒባስ ጨሞጋ ሳይደርስ ከፊታችን የቆሙ መኪናዎች ኋላ ተሰለፈ። ለምን እንደቆሙ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ከሌሎች ሹፌሮች ጋር አጎንብሶ ያወራል። ትብለጥ እጆቿን በእትዬ ጥሩ ንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ይዛቸዋለች። ፀሐይ ከፍ እስክትል ቆየን። ከዚያ ፊተኛው መኪና ተንቀሳቀሰ፤ እኛም ተከተልን። ለምን እንደቆምን እስካሁን አላውቅም።

መመዝገቢያው ስንደርስ ኔትወርክ የለም ተባለ። ሰልፉ ባሕር ዛፉ ሥር ተበትኖ ተቀምጧል። ሰውዬው በሩ ላይ ስንጥሩን ይዞ ቆሟል፤ ለትብለጥ በዓይኑ ሰላምታ ሰጣት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ውሃ ገዝቼ አጠጣኋት፤ ጠርሙሱን እኔ ይዤ።

የሥራ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ከውስጥ «መጣ፣ መጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ። መዝጋቢዋ በር ድረስ ወጥታ ዓይኗን አንከራተተች። «ባለ እንሶስላዋ የት አለች?»

መዳፏ አሁንም ቀይ ነው። የጣቶቿ ጫፎች ግን ነጣ ብለዋል፤ ሮዝ የሚመስል አዲስ ቆዳ። መዝጋቢዋ ቅባቱን በደረቅ ጨርቅ ጠረገችላት። የግራው አራት ጣት፤ ማሽኑ ጮኸ፣ ቀይ። እንደገና። ቀይ። «አትጫኚው፤ እንደ ተኛ ሕፃን አስቀምጪው» አለቻት። በሦስተኛው አረንጓዴ ሆነ። ቀኙ ወዲያው ገባ። ሁለቱ አውራ ጣቶች ቀሩ። አንዱ አለፈ። የቀኙ አውራ ጣት፣ ድንጋዩ ክፉኛ የፋቀው፣ አሁንም አሁንም ቀይ ነው። ከኋላችን ያሉት ልጆች ማጉረምረም ትተው አንገታቸውን አስግገው ያዩ ጀመር።

«በትንፋሽሽ አሙቂው» አለች መዝጋቢዋ።

ትብለጥ አውራ ጣቷን ከአፏ አስጠግታ ተነፈሰችበት። አስቀመጠችው። መብራቱ ትንሽ አሰበና አረንጓዴ ሆነ።

«አለቀ?»

«አለቀ። የሥራ ፈቃድሽ ከዚህ በኋላ በኤጀንሲው በኩል ነው የሚጠየቀው፤ ሲወጣ በስልክሽ መልእክት ይደርስሻል።»

ትብለጥ ከወንበሩ አልተነሳችም፤ ጣቷም መስታወቱ ላይ ነው። «ተነሺ እንጂ እህቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለቻት መዝጋቢዋ፤ ሳቅ ብላ። ውጭ ስንወጣ ትብለጥ ስልኳን ሰጠችኝ። «የሰውዬውን ቁጥር አጥፋልኝ፤ እጄ ቅባት ነው» አለች። እጇ ደረቅ ነበር። አጠፋሁላት። ከዚያ ለእትዬ ጥሩ ደወልን። «ገባ» ስትላት ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ ብቻ ለትንሽ ጊዜ ተሰማ። «በይ እሺ፣ ድንች የሚገዛ ሰው መጣ» አለችና ዘጋችው።

ወደ ቤት

አርብ ማታ ደብረ ማርቆስ አድረን ቅዳሜ ጠዋት አምበር ወርደን መንገዱን በእግር ተያያዝነው። ትብለጥ መንገድ ላይ «ለእማዬ እንዳትነግራት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን እናት ልጇን ስትቀበል መጀመሪያ የምትይዘው እጇን ነው።

«ጫፉ ምነው ለቀቀ?» አለች እናቴ።

«ቅቤ በዛበት።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። መዋሸት አልሆነልኝም። «ማሽኑ እንሶስላ አይወድም» አልኩ። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «እኔማ እንድታምሪ ብዬ ነበር» አለች።

«አምሬያለሁ እኮ፤ ረዳቱ እንኳ ሙሽራ ነው ያለኝ። ደግሞም ገብቷል፣ እማዬ። አሥሩም ገብቷል።»

እናቴ አሻራ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለጥገና የምጠቀምበትን አጉሊ መነጽር ከኪሴ አውጥቼ የትብለጥን አዲስ ቆዳ አሳየኋት፤ የእያንዳንዱ ሰው ትልም የራሱ ብቻ መሆኑን፣ የትም አገር ብትሄድ ይህ የትብለጥ ጣት መሆኑ ተጽፎ እንደሚቀመጥ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የራሷን እጅ ዘረጋችልኝ። «የእኔንስ?» አውራ ጣቷ ላይ ምንም የለም፤ ለስልሶ አልቋል። ሌባ ጣቷም እንዲሁ። ትንሿ ጣቷ ላይ ግን ቀጭን ክብ ክብ መስመሮች አገኘሁ።

«እዚህ ላይ አለ።»

«እሷማ ሰነፍ ናት፤ ከድሮም ሥራ አትወድም» አለችና ጣቷን አጠፈችው።

ለወጣቶች የምለው ይኼ ነው። አሻራ ልትሰጡ ስትሉ ቀድማችሁ እጃችሁን አሳርፉ፤ እንሶስላውን ከምዝገባው በኋላ አድርጉት፤ አታስቀሩት ግን። ቀለም ከያዛችሁ አትፈትጉት፣ ቆዳ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። በር ላይ ለሚቆመው ሰው ቸኩላችሁ መልስ አትስጡ፤ ቢያንስ ልጇ እንዲያ የሄደችባትን አንዲት እናት ሳታነጋግሩ። ፈቃድ ማለት ለሄደው ሰው ብቻ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር። ለቀረውም ነው።

ትንሽ አረፍ እንዳልን ትብለጥ ጀሪካኑን አንስታ ወደ ምንጭ ልትወርድ ተነሳች። እናቴ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት። «ተቀመጪ። ኤርፖርት ላይም ይህን ጣትሽን ይጠይቁሻል ብለውኛል።» ማን እንዳላት አላውቅም። ጀሪካኑን እኔ ወሰድኩ።

ምንጩ ዘንድ የነበሩት ሴቶች ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ «ምነው፣ ሚስት አገባህ ወይስ ሚስት ሆንክ?» አለች። ሌላዋ ተቀብላ «ተዉት፣ ተራ ስጡት፤ ወንድ ልጅ ቆሞ ሲጠብቅ ወገቡን ያመዋል» አለች። ሳቁብኝ፤ ተራም ሰጡኝ። ዳገቱን ስወጣ ጀሪካኑ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ጀርባዬን አረጠበው። ቤት ስደርስ ትብለጥ ደጃፉ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ውሃውን አየችው፤ ግማሹ ፈስሷል።

«ክዳኑን አላጠበቅከውም፣ ወንድማለም።»

እስክትመለስ ሁለት ዓመት አለኝ። እለምደዋለሁ።